ቀለበቱና ወረቀቱ፦ በቤተ ሙከራ ስለተሠራ አረንጓዴ አልማዝ



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ጌጥ ነው። «ፓስተሩን ደግሞ ምን ነካቸው?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ በእኛ በሳንጃ መነጋገሪያው የሰሊጥና የጥጥ ዋጋ እንጂ የአልማዝ ዋጋ አይደለም። ነገር ግን ልጆቻችን፣ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን በየአገሩ ተበትነዋል። እነርሱ ባሉበት አገር ገበያ የወጣው ነገር ሁሉ በሻንጣ እየሆነ እኛም ቤት ይገባል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ለጋብቻ የሚዘጋጁ ወጣቶች «በቤተ ሙከራ የተሠራ አልማዝ» ስለሚባለው ነገር ይጠይቁኛል። ጥያቄያቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «እውነተኛ ነው ወይስ የውሸት?»

ጥያቄው ስለ ድንጋይ ይመስላል። ከአንድ ወንድም ጋር ሆነን እስከ መጨረሻው ስንከተለው ግን ስለ ትዳር፣ ከዚያም አልፎ ሰው በእግዚአብሔር ፊት እንዴት እንደሚቆም ሆኖ አገኘነው። ታሪኩን የምጽፈው እሱንም ባለቤቱንም አስፈቅጄ ነው፤ ስማቸውን ግን አልጠቅስም።

ወንድማችን በሰሊጥ ንግድ የሚተዳደር ሰው ነው። እጮኛው አስተማሪ ናት። የቅድመ ጋብቻ ትምህርታቸውን ሊጨርሱ ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው አሜሪካ የምትኖር እህቱ የቃል ኪዳን ቀለበት ላከችለት። ቀለበቱ የወርቅ ነው፤ መሐሉ ላይ የጤፍ ቡቃያ የመሰለ ትንሽ አረንጓዴ ድንጋይ አለው። እህቱ በስልክ «አልማዝ ነው» ብላዋለች፤ እሱም ይህንኑ ለእጮኛው ነግሯታል፤ እሷም ለጓደኞቿ። በሳጥኑ ውስጥ ግን የታጠፈ ወረቀት ነበረ። ዘርግቶ ሲያነበው ሁለት ነገር ይላል፦ ድንጋዩ በቤተ ሙከራ የተሠራ መሆኑን፣ አረንጓዴ ቀለሙም በጨረር የመጣ መሆኑን።

አንድ ማታ ወረቀቱን ይዞ ቤቴ መጣ። «ፓስተር፣ ይህን ወረቀት ባጠፋውስ? ቀለበቱን ብቻ ባስርላት ማን ያውቃል? ዘመዶቿ ከጎንደር ይመጣሉ። ‹ፋብሪካ የሠራው ነው› ከተባለ ‹የውሸት ቀለበት አሰረላት› ብለው ይስቁብኛል» አለኝ።

አልተቆጣሁትም። ሊዋሽ የቆረጠ ሰው ፓስተር ቤት ሄዶ አያማክርም። «መጀመሪያ ድንጋዩ ምን እንደሆነ እንወቅ፤ የማናውቀውን ነገር አንፍራ» አልኩት። በዚያ ሳምንት ያነበብኩትንና የጠየቅኩትን ባጭሩ ላካፍላችሁ።

ድንጋዩ ምንድን ነው?

አልማዝ ካርቦን ነው። ከሰልም በአብዛኛው ካርቦን ነው፤ ልጆቻችን የሚጽፉበት እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገርም ካርቦን አለበት። ልዩነቱ አተሞቹ እርስ በርሳቸው የተያያዙበት መንገድ ነው። ከመሬት የሚወጣው አልማዝ በአብዛኛው ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ጥልቀት፣ በከባድ ሙቀትና ግፊት ተፈጥሮ፣ በእሳተ ገሞራ ኃይል ወደ ላይ የወጣ ነው።

ሰው ይህንኑ ሙቀትና ግፊት በመሣሪያ መፍጠር ቻለ። እ.ኤ.አ. በ1953 አሴአ የተባለው የስዊድን ኩባንያ አልማዝ ሠራ፤ ነገር ግን ለሕዝብ ሳይናገር ቆየ። የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ በ1954 መጨረሻ ሠርቶ በ1955 ለዓለም አስታወቀ። የመጀመሪያዎቹ ለመቁረጫና ለመሞረጃ የሚያገለግሉ ደቃቅ ቅንጣቶች ነበሩ። ዛሬ ለጌጥ የሚሆነው በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው ካርቦንን ከ1,300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀትና እጅግ ከፍተኛ በሆነ ግፊት ወደ አልማዝ መለወጥ ነው። ሁለተኛው ስስ የአልማዝ ቁራጭ እንደ ዘር በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ነው፤ ሚቴንና ሃይድሮጅን የተባሉ ጋዞች ይገቡበትና ካርቦኑ ዘሩ ላይ ንብርብር እየሠራ ያድጋል። ሥራው ሳምንታት ይወስዳል።

ከሁለቱም መንገድ የሚወጣው አልማዝ ነው። ጥንካሬው ከመሬት እንደወጣው ሁሉ በሞስ መለኪያ 10 ነው። ወርቅ ሠሪዎች የሙቀት መተላለፍን የሚለኩበት ትንሽ መሞከሪያ ሁለቱንም «አልማዝ» ይላቸዋል፤ አንዱን ከሌላው ለመለየት የተለየ መሣሪያ ያስፈልጋል። የውሸት አልማዝ የሚባለው በአልማዝ ስም የሚሸጥ መስታወት ወይም ዚርኮኒያ ነው፤ እነዚህ ከነጭራሹ ሌላ ነገር ናቸው።

አረንጓዴው ቀለምስ? በተፈጥሮ አረንጓዴ የሚሆነው አልማዝ ዩራኒየም ካለበት ዐለት ወይም ውኃ አጠገብ እጅግ ረጅም ዘመን የተቀመጠው ነው። ጨረሩ የካርቦን አተሞችን ከቦታቸው ያናጋቸዋል፤ ድንጋዩም አረንጓዴ ይሆናል። ብዙውን ጊዜ ቀለሙ ከላይኛው ገጽ ስለማያልፍ ቆራጩ ሲሞርደው ሊጠፋ ይችላል። እስከ ውስጡ አረንጓዴ የሆነ በጣም ብርቅ ነው። ከሁሉ የታወቀው ጀርመን አገር በድሬስደን የሚገኘው 41 ካራት አልማዝ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 ሌቦች ያንን ሙዚየም ሰብረው ብዙ የነገሥታት ጌጥ ሲዘርፉ አረንጓዴው አልማዝ የተረፈው በዚያ ሰሞን ለኤግዚቢሽን ኒው ዮርክ ስለነበረ ነው። ጌታችን በማቴዎስ 6 ላይ በምድር ስለሚከማች መዝገብ ሲያስጠነቅቅ ሌባን የጠቀሰው ያለ ምክንያት አይደለም።

ይህን ቀለም ሰው ራሱ መስጠት ከጀመረም ቆይቷል። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ዊልያም ክሩክስ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ አልማዝን ከራዲየም ጋር አስቀምጦ አረንጓዴ አድርጎታል። እነዚያ ድንጋዮች ግን ራሳቸው ጨረር የሚያወጡ ሆነው ቀሩ። ዛሬ ብዙውን ጊዜ የሚሠራበት የኤሌክትሮን ጨረር ነው፤ ይህ ድንጋዩን ጨረር አመንጪ አያደርገውም። በቤተ ሙከራ ያደገውም አልማዝ አረንጓዴ የሚሆነው በአብዛኛው እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ ያድጋል፣ ከዚያ ጨረር ያገኘዋል።

ለወንድማችን ነገሩን ያቀለለለት ግን የራሱ ሙያ ነው። «አንተ የሰሊጥ ሰው ነህ» አልኩት። «በምርት ገበያ የሁመራ–ጎንደር ሰሊጥና የወለጋ ሰሊጥ ለምን በየስማቸው ይመደባሉ?»

«ጠባያቸውም ዋጋቸውም ይለያያላ» አለኝ።

«ታዲያ የወለጋው የውሸት ሰሊጥ ነው?»

«ኧረ ሰሊጥ ነው! እንዲያውም ለዘይት ይመረጣል።»

«የወለጋውን ጆንያ ‹የሁመራ ነው› ብሎ የሚሸጠውስ?»

ትንሽ ዝም ብሎ «እሱ ሌባ ነው» አለ።

የአልማዙም ነገር ይኸው ነው። የአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 መመሪያውን ሲያሻሽል ከአልማዝ ትርጉም ላይ «ተፈጥሯዊ» የሚለውን ቃል አውጥቷል። በቤተ ሙከራ የተሠራውን የሚሸጥ ሰው ግን ይህንኑ ለገዢው በግልጽ እንዲናገር ያዛል። ድንጋዩ አልማዝ መሆኑ አልተካደም፤ የመጣበት መንገድም እንዲደበቅ አልተፈቀደም። መጽሐፈ ምሳሌ 11፥1ን የምናነብ ሰዎች ይህ ሊከብደን አይገባም። እግዚአብሔር በገበያችን ውስጥ የሚመዝነው ዕቃውን ብቻ አይደለም፤ ስለ ዕቃው የምንናገረውንም ቃል ነው። ስለዚህ ለወንድማችን የሰጠሁት መልስ ይህ ነበር፦ ቀለበቱ የውሸት አይደለም። ወረቀቱን ካጠፋኸው ግን አንተ የውሸት ታደርገዋለህ።

እሳቱ ሲመጣ

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ቀለበቱ ለእጮኛው ጣት ሰፊ ስለነበረ ጎንደር ወስዶ ሊያስጠብበው አስቦ ነበር። ለእህቱ ደወልንላት። ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አላት፤ ሻጩ «ቀለበቱ የሚጠገን ወይም የሚጠብብ ከሆነ በጨረር የተቀለመ መሆኑን ለወርቅ ሠሪው ንገሩት» ብሏት ኖሯል። ምክንያቱም በጨረር የመጣ አረንጓዴ ከፍተኛ ሙቀት ሲያገኘው ይለወጣል፤ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ቡናማ ሊሄድ ይችላል። ወርቅ ሠሪው ቀለበቱን ቆርጦ ሲበይድ የጋዝ እሳት ይለቅበታል። የድንጋዩን ጠባይ ካወቀ አስቀድሞ ያወጣዋል፤ ካላወቀ እሳቱን ይለቅቃል።

ወንድማችን ስልኩን ዘግቶ ወረቀቱን ተመለከተው። ወረቀቱ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ምስጢሩን የሚያወጣው ከጎንደር የመጣ ዘመድ አልነበረም፤ የወርቅ ሠሪው እሳት ነበር። አረንጓዴ ሆኖ የሄደ ድንጋይ ቡናማ ሆኖ ቢመለስ ማን ያምነዋል?

ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 3፥12–15 የእያንዳንዱ ሥራ በእሳት እንደሚፈተን ይናገራል። በቦታው የሚናገረው በቤተ ክርስቲያን ላይ ስለሚያንጹ አገልጋዮች ስለሆነ ያለ ቦታው መጥቀስ አልፈልግም። ነገር ግን ቤትን የሚያንጽ ሁሉ ከዚያ ክፍል የሚማረው አለ፤ ያኖርነው ነገር ምን እንደሆነ አንድ ቀን እሳት ይጠይቀዋል።

ለትዳር የሚዘጋጁትን ባስተማርኩባቸው ዓመታት የተደበቀ አልማዝ አጋጥሞኝ አያውቅም። የተደበቀ ዕዳ አጋጥሞኛል። ሌላ ከተማ ያለ የተደበቀ ልጅ አጋጥሞኛል። የተደበቀ የደም ምርመራ ውጤት አጋጥሞኛል። የደበቁት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ እንዳይጠሉ ፈርተው ነው። ሠርጉ ያልፋል፣ ድግሱ ያልፋል፣ ፎቶው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ከዚያ በሽታ ይመጣል፣ ማጣት ይመጣል፣ ከቀዬ መፈናቀል ይመጣል። እኛ ባሳለፍናቸው ዓመታት እሳት ያልነካው ቤት ስንት ነው? ያን ጊዜ ቀለሙ ይለወጣል። ያኛው የትዳር ጓደኛ ከጉዳዩ ይልቅ የሚያመው ሳይነገረው መኖሩ ነው። «ዕዳውን አብሬህ እከፍል ነበር፤ ለምን ደበቅኸኝ?» ብላ ያለቀሰችን ሴት አልረሳትም።

ወንድማችን በማግስቱ ወረቀቱን ለእጮኛው ሰጣት። አንብባ ስትጨርስ ዝም አለች። ቀጥላ «የፈራኸው እኔን ነው ወይስ ዘመዶቼን?» አለችው። «ሁላችሁንም» አላት። «እንግዲያው ለዘመዶቼ እኔ ራሴ አነብላቸዋለሁ» አለች። እንዳለችውም አደረገች። እናቷ እስከ መጨረሻው አዳምጠው ያነሡት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ «የድንጋዩስ ይሁን፤ ወርቁ ወርቅ ነው?» ቀለበቱ ውስጥ 750 የሚል ምልክት አለ፤ ይህም 18 ካራት፣ ከመቶ 75 እጁ ወርቅ ማለት ነው። «ጥሩ፤ እሱ ለክፉ ቀን ይሆናታል» አሉ፤ ነገሩም አለቀ።

እኔን ያስደሰተኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በሳምንቱ ወንድማችን ሌላ ወረቀት አወጣ። ባለፈው ዓመት ለሰሊጥ የተበደረውና ገና ያልከፈለው ገንዘብ ነበረ። እሷ አታውቅም ነበር፤ እኔም አላውቅም ነበር። ሁለቱ ተቀምጠው አሰቡና የድግሱን ወጪ በግማሽ ቀነሱት፤ የቀረውን ለዕዳው አዋሉት። አንዳንድ ዘመድ አኩርፏል። እነርሱ ግን ትዳራቸውን የጀመሩት ሁለቱም በሚያውቁት ሒሳብ ነው።

ለመምረጥ ለምታስቡ

ብዙዎቻችሁ ስለምትጠይቁኝ ጥቂት ነገር ልጨምር። እኔ የጌጥ ባለሙያ አይደለሁም፤ የተማርኩትን ግን አካፍላለሁ።

በመጀመሪያ፣ ወረቀት የሌለው ድንጋይ አትግዙ፤ ወረቀቱንም አንብቡት። እንደ ጂ.አይ.ኤ. እና አይ.ጂ.አይ. ያሉ መርማሪ ተቋማት በሚሰጡት ወረቀት ላይ ድንጋዩ በቤተ ሙከራ የተሠራ መሆኑና ቀለሙ ተነክቶ እንደሆነ ይጻፋል። ብዙ ጊዜ ያው የወረቀቱ ቁጥር በድንጋዩ ወገብ ላይ በሌዘር ተጽፎ ይገኛል፤ በማጉያ መነጽር ይታያል። ወረቀቱንም ለወርቅ ሠሪው ሳታሳዩ ቀለበቱን ለእሳት አትስጡ።

ሁለተኛ፣ ሁለቱን «ካራት» አታምታቱ። የወርቅ ካራት የንጽሕናው መለኪያ ነው፤ 24 ካራት ንጹሕ ወርቅ ነው። የድንጋይ ካራት ክብደት ነው፤ 1 ካራት 0.2 ግራም ነው።

ሦስተኛ፣ በቤተ ሙከራ የተሠራን አልማዝ እንደ ቁጠባ አትቁጠሩት። ባለፉት ዓመታት ዋጋው በጣም ወርዷል፤ መልሶ ልሽጠው ለሚል የሚያገኘው ጥቂት ነው። የሙሽራዋ እናት ስለ ወርቁ መጠየቃቸው ትልቅ ማስተዋል ነበር። በአገራችን የሴት ወርቅ የክፉ ቀን መጠባበቂያ ነው፤ ወርቋን ሸጣ ልጆቿን ያበላች እናት ሁላችንም እናውቃለን። አረንጓዴው ድንጋይ ውበት ነው፤ መጠባበቂያ አይደለም።

አራተኛ፣ አረንጓዴ ለሚወድድ የገዛ አገራችን ምድር አለች። በጉጂ ዞን በሻኪሶ አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ለዓለም ገበያ የወጣ ጥሩ ኤመራልድ አለ፤ ዮሐንስ በራእይ 4፥3 በዙፋኑ ዙሪያ ያየውን ቀስተ ደመና ያመሳሰለበት መረግድ ማለት ነው። በወሎም በደላንታ ኦፓል ይወጣል። ነገር ግን የእነዚህም ጠባይ ይታወቅ። ኤመራልድ ጥንካሬው ከ7.5 እስከ 8 ቢሆንም በቀላሉ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁን ለመሸፈንም ብዙ ጊዜ ዘይት ይገባበታል። ይህም ለገዢ ሊነገር የሚገባ ነው። የደላንታ ኦፓል ደግሞ ውኃ ይመጥጣል፤ ሲመጥጥም መልኩ ይለወጣል። ሊጥ ለምታቦካና ልብስ ለምታጥብ እጅ አልማዝ ይሻላል። ቀለበት አውልቆ መሥራት ደግሞ ከሁሉ ይሻላል።

ስለ ሕሊናም የሚጠይቁ አሉ። በሴራሊዮንና በሌሎች የአፍሪካ አገሮች አልማዝ ለጦርነት ገንዘብ ሆኖ ብዙ ደም አፍስሷል፤ ይህን ለመግታት እ.ኤ.አ. በ2003 የኪምበርሊ ስምምነት ሥራ ጀምሯል። በዚህ ምክንያት የቤተ ሙከራውን የሚመርጥ ሰው ምርጫው የተከበረ ነው። ያም ቢሆን ብዙ ኤሌክትሪክ የሚበላ ሥራ ነውና «እኔ ንጹሕ ነኝ» ብሎ በሌላው ላይ መፍረጃ አይሁን።

በመጨረሻም፣ ለቀለበት አትበደሩ። መጽሐፍ ቅዱስ ጌጥን አይኮንንም፤ በዘፍጥረት 24 ርብቃ ወርቅ ተሰጥቷታል። ጴጥሮስ ግን በ1ኛ ጴጥሮስ 3፥3–4 የሴት ውበት በወርቅ እንዳይለካ ይመክራል፤ ያዕቆብም በምዕራፍ 2 የወርቅ ቀለበት ላደረገ ሰው የክብር ወንበር የምትሰጥን ጉባኤ ይገሥጻል። ድንጋይ የሌለው ቀጭን ቀለበት፣ ብርም ቢሆን፣ ቃል ኪዳን ለመያዝ ይበቃል።

ወረቀታችንን ያነበበ

አሮን በደረቱ ላይ ይሸከማቸው ስለነበሩት 12 ድንጋዮች በዘጸአት 28 እናነባለን። አንዳንዶቹ ዛሬ በምን ስም እንደሚጠሩ ሊቃውንት ሙሉ በሙሉ አይስማሙም። ያለ ጥርጥር የምናውቀው በእያንዳንዱ ላይ ስም መቀረጹን ነው። ሊቀ ካህናቱ ወደ ቅድስቱ ሲገባ ያንን ስም ተሸክሞ ይገባ ነበር። ከእነዚያ ስሞች መካከል ወንድሙን የሸጠ ይሁዳ አለ፤ በሰይፍ ያጠፉ ስምዖንና ሌዊ አሉ። ማንነታቸው ተሰውሮ አልገቡም። ከነስማቸው ገቡ።

ይህን መስመር ስትከተሉ የወንጌልን ልብ ታገኙታላችሁ። ምናልባት ይህን የምታነብ ወንድም ወይም እህት ገና ወደ ጌታ አልመጣህም፣ አልመጣሽም። «ሰዎች ያለፈውን ሕይወቴን ቢያውቁ ይቀበሉኝ ይሆን?» ብላችሁ ትፈሩ ይሆናል። ስለ ሰዎች ዋስትና ልሰጥ አልችልም። ስለ እግዚአብሔር ግን እላለሁ፤ እርሱ ወረቀታችሁን አንብቦታል። ከየት እንደመጣችሁ፣ ምን እንደነካችሁ፣ የትኛው ቀለማችሁ ሰው የቀባው እንደሆነ ያውቃል። ሮሜ 5፥8 እንደሚያስረዳን ክርስቶስ የሞተልን ኃጢአታችንን ከማወቁ በፊት ወይም ከተሻሻልን በኋላ አይደለም፤ ኃጢአተኞች ሆነን ሳለን ነው። ተደብቆበት በኋላ የሚያገኘው፣ አግኝቶም የሚጸጸትበት ነገር በእኛ የለም።

እንዲህ የተወደደ ሰው ወረቀት አያጠፋም። በትዳር ጓደኛው ፊት፣ በዕዳ ባለቤቱ ፊት፣ በጉባኤው ፊት «እኔ ይህ ነኝ» ለማለት አቅም ያገኛል። በዚህ ሳምንት አንዳችን ሳጥናችን ውስጥ ያለ የታጠፈ ወረቀት ካለ፣ እሳቱ ሳይመጣ ለሚገባው ሰው እንዘርጋው።

አባት ሆይ፣ ሁሉን አውቀህ ስለወደድኸን እናመሰግንሃለን። ከፍርሃታችን የተነሣ የደበቅነውን በፍቅር ለመናገር ድፍረት ስጠን። ለመጋባት የሚዘጋጁትን ልጆችህን በእውነት ላይ መሥርታቸው። ቤታቸውን እሳት ሲነካው የሚጸና አድርገው። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።

ተባረኩ።